መንጋጋውን የሞረደው ሰው

የእህቴ ባል ጎትሂልፍ ሄንስለር በሕይወቱ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ይህን የማውቀው ከራሱ አፍ ነው፤ ሌላ ምስክር የለኝም። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሐኪሞች መሣሪያ ሲሠራ ኖረ፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሐኪሞችን ሲንቅ ኖረ። ለሁለቱም ሥራ እኩል ትጋት ነበረው።

በደቡብ ጀርመን ባለችው ከተማችን በቱትሊንገን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እዚህ ብዙ ቤት ምድር ቤቱ ውስጥ ሞርሳ አለው። ወንዶቻችን መቀስ፣ ጉጠት፣ መሮ፣ የአጥንት መጋዝ ይሠራሉ፤ ዕቃው ታሽጎ ወደ ዓለም ሁሉ ይሄዳል፤ የሠራው ሰው ግን እዚሁ ቁጭ ብሎ ዓለም ሁሉ በእሱ እጅ የተቀደደና የተሰፋ ይመስለዋል። «ዛሬ ሁለት መቶ ዳሌ ከፈትኩ» የሚል ሰው ሁለት መቶ መሮ ስሎ ጨረሰ ማለት ነው። ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነበር። ጎትሂልፍ ግን ቀልዱ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀረ።

«ሐኪም ማለት» ይል ነበር «ለእኔ ሥራ የሚሆን እጀታ ነው።»

የእሱ ሥራ የአጥንት ሞረድ ነበር። እንደ ማንኪያ እጀታ የቀጠነ ብረት ነው፤ ጫፉ ላይ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። ቀዶ ሐኪሙ አጥንት ከቆረጠ በኋላ ሹል የቀረውን ጠርዝ በዚህ ያለሰልሰዋል። እኔ ሄርታ በዚያው ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት መርማሪ ነበርኩ። በመብራትና በአጉሊ መነጽር ጭረት እፈልጋለሁ፤ ጭረት ያለበትን በቀይ ሣጥን፣ የሌለበትን በሰማያዊ ሣጥን አስቀምጣለሁ። የእሱን ሞረዶች በሺህ የሚቆጠሩ አይቻለሁ። ወደ ቀይ ሣጥን የገባ አላስታውስም። ስለ እሱ ከማውቃቸው ሁለት ጥሩ ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ሁለተኛውን እየፈለግሁ ነው።

እሱና እህቴ ሊዝቤት ላይኛው ፎቅ ይኖራሉ፤ እኔ ታች አለሁ። ደረጃውን የመጥረግ ተራ በሳምንት በሳምንት ይለዋወጣል። የእኔ ሳምንት ሲያልቅ ቅዳሜ ከሰዓት ይወርድና አመልካች ጣቱን በደረጃው ጠርዝ ላይ አሻሽቶ ወደ ብርሃን ያነሳዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጓል። አቧራ ካገኘ ይነግረኛል፤ ካላገኘ ደግሞ ጣቱን በሱሪው ይጠርጋል፤ ያው የሱሪው አቧራ ግን የማንም ተራ አይደለም።

ሰባ ስድስት ዓመት ሲሞላው የፕሮስቴት ካንሰር ያዘው፤ ወደ ዳሌ አጥንቱም ገባ። ያንን በጸጥታ ተቀበለው። ሐኪሙ ሽማግሌ ስለነበረና ስለ ሞረድ ጠይቆት ስለነበር ይመስለኛል። አጥንቱ እንዳይሰበር በየአራት ሳምንቱ መርፌ ይወጋ ጀመር። ከመርፌው ጋር አንድ ትንሽ ካርድ ሰጡት፤ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ለጥርስ ሐኪም ይታይ የሚል።

«ኪስህ ውስጥ አድርገው» አለችው ሊዝቤት።

«ሣር ማጨጃ ነኝ እንዴ፣ የአጠቃቀም ወረቀት ይዤ የምዞረው?» አለና ካርዱን ከሣር ማጨጃው ወረቀት ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

በመከር ወራት ከታች በግራ በኩል አንድ መንጋጋ ጥርሱ መወዛወዝ ጀመረ። ጥርስ ሐኪሙ ዘንድ የሚሞላ ቅጽ አለ፤ በየትኛው መድኃኒት ላይ ነዎት ይላል። ጎትሂልፍ «ምንም» ብሎ ጻፈ። ሊዝቤት አጠገቡ ተቀምጣ ነበር።

«መርፌውስ?»

«እሱ የዳሌ ነው። እዚህ የምታከመው ጥርስ ነው።»

«ይጠይቁህ የለ እንዴ፣ ታዲያ ንገራቸው።»

«ሊዝቤት፣ ዳሌዬ አፌ ውስጥ ነው?»

ሊዝቤት መጽሔቷን ማንበብ ቀጠለች። ኀምሳ ዓመት እንዲህ ነው የኖረችው፤ ጥያቄው ትክክል ይሆናል፣ መልሱ ጅል ይሆናል፣ እሷ መጽሔት ታነባለች።

ጥርሱ ተነቀለ። የገና በዓል አለፈ፤ ጉድጓዱ አልተዘጋም። በየካቲት ጉድጓዱ ውስጥ ቢጫ የመሰለ ነገር ብቅ አለ፤ ጠርዙ ምላሱን ይቧጭረው ጀመር። አፉ ይሸት ነበር። ይህን የምጽፈው ለማዋረድ አይደለም፤ ሽታው በሽታው ስለነበረ ነው። ጥርስ ሐኪሙ ዳግመኛ ሲያየው ስለ መርፌው በሦስተኛው ጥያቄ አወጣጣውና ፊቱ ገርጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሚወስድ ደብዳቤ ጻፈለት።

የሊዝቤት ዳሌ ረጅም መንገድ ስለማይችል አብሬው በባቡር የሄድኩት እኔ ነበርኩ። የመንጋጋ ክፍሏ ሐኪም ዶክተር ሃርምስ ትባላለች። ከሰሜን ባሕር ዳርቻ የመጣች፣ ረጅም፣ ቁጥብ ሴት ናት፤ አርባ ዓመት ይሆናታል። እዚህ በደቡብ ከዚያ የሚመጣውን ሰው የዓሣ ራስ ነው የሚሉት። ጎትሂልፍ በሩ ገና ሳይዘጋ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ ቃሉን ተናገረ። የሰማች ይመስለኛል።

አፉን በትንሽ መስታወት ረዥም ጊዜ አየች።

«አቶ ሄንስለር፣ ይህ የሚታየው መንጋጋዎ ነው። ላይኛው ክፍል ሞቷል።»

«ሞተ ማለት?»

«መርፌው ለዳሌዎ ይጠቅማል። መንጋጋ ግን በየቀኑ ስለሚያኝክ በየቀኑ የሚታደስ አጥንት ነው፤ መርፌው ያንን እድሳት ይይዘዋል። ጥርሱ ሲነቀል ጉድጓዱ መሙላት አቃተው፤ ጀርም ገባ።»

«እንግዲያው የሞተውን ይቁረጡትና እንገላገል። በምን እንደሚቆረጥ አውቃለሁ፤ ግማሹን ዕቃ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«እቆርጣለሁ። ዛሬ ግን አይደለም።» መስታወቱን አስቀመጠችና በጓንቷ ጣት የራሷን አገጭ ነካች። «አሁን ድዱ ተቆጥቷል፤ ቀልቷል፣ መግል ይዟል። የሞተውን አውጥቼ ድዱን ከላይ ብሰፋው ስፌቱ አይይዝም። የተቆጣ ሥጋ እንደ ራሰ ወረቀት ነው። ስፌቱ ከተከፈተ አጥንቱ እንደገና ይገለጣል፤ ያን ጊዜ የምቆርጠው ላይኛውን ሳይሆን መንጋጋውን ራሱን ይሆናል። ከዚህ እስከዚህ።» ጣቷ ከአገጯ ተነስቶ ከጆሮዋ ሥር ቆመ። «በምትኩ ብረት ይገባል።»

«ምን ብረት?»

«ታይታኒየም።»

«የት የተሠራ?»

ወደ እኔ ዞረች፤ ምናልባት የምሰማ እኔ ብቻ ስለመሰልኳት። በቀን ሦስት ጊዜ የሚጉመጠመጥበት መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክ፣ ለስላሳ ምግብ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ምርመራ። «ከሁሉም በላይ ደግሞ» አለች «አይነካ። በጥርስ እንጨትም፣ በጣትም፣ በምንም።»

በመመለሻው ባቡር ላይ ጎትሂልፍ መስኮት መስኮቱን እያየ፦ «የዓሣ ራስ ስለ አጥንት ታስተምረኛለች» አለ። ሁለት ጣቢያ ካለፍን በኋላ እንደገና አለው።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት ያህል በደህና ሄደ። ተጉመጠመጠ፣ ክኒኑን ዋጠ፣ ስላስገደድነው። ድዱ ላይ ያለው ቀለም እየለዘበ መጣ። ያበላሸው በሽታው አይደለም፤ የሐሙስ ጠረጴዛ ነው።

የሐሙስ ጠረጴዛ ማለት ኦክስን በሚባለው መጠጥ ቤት፣ ከምድጃው አጠገብ ያለው ክብ ጠረጴዛ ነው። የቀድሞ ሞራጆችና አንጥረኞች ከጡረታ በኋላ በየሐሙሱ እዚያ ተቀምጠው የሌሎችን ስህተት ይቆጥራሉ። ማንም ሌላ ሰው እዚያ አይቀመጥም፤ ቢቀመጥም የሚያገኘው ጥቅም አይታየኝም። የጠረጴዛው አለቃ ኦይገን ነው፤ ሠላሳ ዓመት መሣሪያ ሲያለሰልስ ኖሮ ራሱ ያልለሰለሰ ሰውዬ። በዚያ ሐሙስ ሁሉም የተጠበሰ ሥጋ አዘዙ፤ ጎትሂልፍ የገብስ ሾርባ።

«ጡጦ ይምጣልህ?» አለው ኦይገን።

«አጥንቱ ምላሴን ይቆርጠዋል። ጠርዙ ሹል ነው።»

«እንደዚህ ያለ ሹል ጠርዝ በእኛ ጊዜ ከፋብሪካው አይወጣም ነበር። ሄርታ ወደ ቀይ ሣጥን ትወረውረው ነበር።»

ጠረጴዛው ሳቀ። ይህን ሁሉ ለሊዝቤት የነገራት ራሱ ነው፤ ሲነግራት ግን አልሳቀም። ሽማግሌዎች ስለሳቁበት ብቻ ሰው በመንጋጋው ይቆምራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ማሰብ ነበረብኝ፤ ይህቺን ከተማ አውቃታለሁ።

እሁድ ረፋድ ላይ ሊዝቤት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። ጎትሂልፍ ከደረጃው አናት ጠራኝ።

«ሄርታ፣ የምርመራ መብራትሽን ይዘሽ ነይ። አጉሊ መነጽሩንም።»

ወጣሁ። ወጥ ቤት ውስጥ ሊዝቤት እንቁላል የምትቀቅልበት ድስት ይፈላ ነበር፤ ውስጡ አንድ የአጥንት ሞረድ ነበር፤ ባለ ሁለት ጫፉ፣ ጥርሱ ደቃቁ። ጠረጴዛው ላይ የመላጫ መስታወት ቆሟል፤ አጠገቡ የፕሪም አረቄ አለ። ንጹሕ ፎጣ አንጥፏል። ፎጣውን አራት ቦታ ነበር ያጠፈው፤ ጠርዝ ለጠርዝ።

«ጎትሂልፍ፣ ሐኪሟ አይነካ ብላለች።»

«ሐኪሟ ጠርዙ ለምን እንደሚቆርጠኝ አልገባትም። ይሄ ሕክምና አይደለም፤ ሥራ ነው። ወዲህ አብሪ።»

«ቢያብጥስ?»

«የሞተ ነገር ያብጣል? ራሷ አይደለች ሞቷል ያለችው? መብራቱን ዝቅ፤ ወደ ግራ። የእኔን ግራ።»

ዝቅ አደረግሁ፤ ወደ ግራም አዞርኩ። ስለዚህ ጉዳይ ስለ እሱ የምናገረውን ሁሉ ስናገር ይህ እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። ያዢ ሲሉኝ የኖርኩ ሰው ነኝና ያዝኩ።

ድምፁ የድንጋይ ላይ ጥፍር ዓይነት ነበር። እሱ አጭር አጭር፣ አንድ አቅጣጫ፣ ያለ ችኮላ ሞረደ፤ በየአሥሩ ምት ሞረዱን በፎጣው ጠርጎ ያይ ነበር። ነጭ ዱቄት ይወጣ ነበር። አልታመመም፤ የሞተ አጥንት አያምም። ሦስት ጊዜ ግን የሞረዱ ጫፍ ድዱን አገኘው፤ ደም ወረደ። በአረቄው ተጉመጥምጦ ተፋው።

«ለስላሳ» አለ ምላሱን እያዞረ። «ነይ መርምሪ።»

መረመርኩ። እውነቱን ለመናገር በጣም ጥሩ ሥራ ነበር። ጠርዙ ክብ ሆኗል፤ ጭረቶቹ ደቃቅና ትይዩ ናቸው፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን። በሰማያዊ ሣጥን የሚገባ ሥራ። በዙሪያው ያለው ድድ ግን ሦስት ቦታ ተቀዷል፤ ሞረዱ ደግሞ፣ በእንቁላል ድስት አሥር ደቂቃ የፈላ ሞረድ፣ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ቆሻሻ ሁሉ ለቋል ማለት ዘበት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ያየሁት ነገር ነው። አልነገርኩትም።

ሐሙስ ዕለት ጠረጴዛው ላይ አፉን ከፍቶ አሳያቸው። በላይተር ብርሃን ተራ በተራ ተጠግተው አዩ። ኦይገን የቢራ አረፋ የነካ ጣቱን አስገብቶ ዳሰሰው፤ «እንደ ብርጭቆ አፍ ነው» ብሎ መሰከረ። ሁሉም ለጎትሂልፍ አጨበጨቡለት፤ አንዱም እንኳ፣ ለሐኪም ዕቃ ሲሠራ የኖረ አንዱ እንኳ፣ እጅህን ታጥበሃል ወይ ብሎ ኦይገንን አልጠየቀውም።

ቅዳሜ ጉንጩ ሞቀ። ሰኞ አበጠ። የምርመራው ቀን ማክሰኞ ነበር። ጠዋት ከማቀዝቀዣ የወጣ የአተር ከረጢት ፊቱ ላይ ይዞ አንድ ሰዓት ሲቀመጥ አየሁት፤ ሁለት ማስታገሻም ዋጠ። እብጠቱ እንዲድን አይደለም፤ እንዳይታይ ነው።

ዶክተር ሃርምስ ደሙን አስመረመረች፤ ከዚያ አፉን አየች፤ ከዚያ ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ እንደገና አፉን።

«ጠርዙ ጠፍቷል» አለች። «ተሰብሮ ወጣ?»

«በራሱ ለሰለሰ። ምላስ ያለሰልሰዋል።»

«ድዱ ግን ከባለፈው ብሷል። የደሙ ቁጥርም ጨምሯል፤ ብግነቱ እየበረታ ነው።» እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለችው። «እንግዲህ ሁለት መንገድ ነው ያለኝ። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ፣ ማንም ሳይነካው እንዲህ ከባሰ፣ መጠበቅ ፋይዳ የለውም፤ ሐሙስ እከፍተዋለሁ፤ በተቆጣ ሥጋ ላይም ቢሆን እሞክራለሁ፤ ብዙም ተስፋ አልሰጥዎትም። በቅርቡ የነካው ነገር ካለ ግን ይሄ ቁጣ የበሽታው አይደለም፤ የቁስሉ ነው። እሱ ይበርዳል። ከበረደ በኋላ ብሰፋ የመያዝ ዕድሉ ብዙ የተሻለ ነው። ስለዚህ እጠይቅዎታለሁ። የነካው ነገር አለ?»

«ምንም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አርባ ስድስት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ አዎን ስል አዎን ነው።»

እስክሪብቶውን አነሳች። ሐሙስ ብላ ልትጽፍ ነው። ጎትሂልፍ ወደ እኔ አየ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በደረጃው ጠርዝ ላይ ጣቱን አሻሽቶ የሚያየኝ ዓይነት አስተያየት ነበር። በእንግዳ ሰው ፊት ሳልጠየቅ መናገር ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። በፋብሪካው ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ በስብሰባ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገርኩት፤ እሱም መስኮቱ ይከፈት ብዬ ነው። ግን ጣቷ ከአገጯ እስከ ጆሮዋ ሲሄድ አይቼ ነበር።

«ሞርዶታል» አልኩ። «በአጥንት ሞረድ። የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ እሁድ። ድዱን ሦስት ቦታ አግኝቶታል። ሞረዱን በእንቁላል ድስት ነው የቀቀለው። ሐሙስ ዕለት ደግሞ አንድ ሰው ጣቱን አስገብቶበታል። መብራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ጎትሂልፍ ጆሮው ድረስ ቀላ። ዶክተር ሃርምስ አልተቆጣችም። አጉሊ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ እንደገና ወደ አፉ ገባች፤ አሁን የምትፈልገውን አውቃ።

«አዎን» አለች ከውስጡ። «ጭረቱ ይታያል። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ።» ቀና አለች። «ከእኔ በተሻለ ሞርደውታል፣ አቶ ሄንስለር። የባሰብዎትም በዚሁ ነው። ሐሙስን ሰርዣለሁ። ስድስት ሳምንት፤ ጠንከር ያለ መድኃኒት፤ በሳምንት አንዴ ደም። ሞረዶቹ ይቆለፉ።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ እሱ የሰማው የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

በባቡር ተመልሰን ከጣቢያው ስንወጣ፦ «በጣሪያዬ ሥር አኑሬሽ» አለ። ጣሪያው የአባታችን ነው፤ የእኔና የሊዝቤት አባት።

ስድስት ሳምንት አላናገረኝም። ምሳ ሦስታችንም አብረን እንበላለን፤ እሱ ደግሞ በእኔና በእሱ መካከል የተቀመጠችውን ጨው ለመቀበል፦ «ሊዝቤት፣ እህትሽን ጨው አቀብይ በያት» ይላል። ሊዝቤት ወደ እኔ ዞራ፦ «ጨው አቀብይ» ትላለች። እኔ አቀብላለሁ። ሞረዶቹ ያሉበት የምድር ቤቱ ቁልፍ ከመስቀያው ጠፍቶ ነበር።

«ሊዝቤት፣ ቁልፉ የት አለ?» አለ ጎትሂልፍ።

«ጠፋ» አለች ሊዝቤት፤ ድንች እየላጠች። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ኀምሳ ዓመት መጽሔት ስታነብ የቆየች ሴት ያን ቀን መጽሔት አልያዘችም ነበር።

ድዱን በየጠዋቱ የሚያይ ሰው ያስፈልግ ነበር። የሊዝቤት ዓይን ደካማ ነው። ስለዚህ ጎትሂልፍ በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና፣ ከእኔ ጋር እንደማይነጋገር ሰው ጣሪያውን እያየ፣ አፉን ይከፍትልኛል። በመብራቴና በአጉሊ መነጽሬ አያለሁ፤ በደብተር እጽፋለሁ። ቀለም፣ መግል፣ እብጠት። በመጀመሪያው ሳምንት «ቀይ፤ መግል አለ፤ ሲነካ ያማል»። በሦስተኛው «ፈዘዝ ያለ ቀይ፤ መግል በጠዋት ብቻ»። በአምስተኛው «ሮዝ፤ መግል የለም፤ ሽታ የለም»። ከተጻፈው ሁሉ «ሽታ የለም» የሚለውን ስጽፍ እጄ ትንሽ ፈጠነ። እሱ አፉን ዘግቶ ተነሳ። አመሰግናለሁ አላለም፤ እኔም ጆሮዬን አላዘጋጀሁለትም።

በግንቦት ተከፈተ። ቀዶ ጥገናው አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀ። ዶክተር ሃርምስ በኋላ ለእኔና ለሊዝቤት እንዳስረዳችን፣ የሞተውን አጥንት ደም እስኪያወጣ ድረስ ፋቀችው፤ ደም የሚያወጣ አጥንት ሕያው ነው። ከዚያ ጠርዙን አለሰለሰች፣ ድዱን ሳይወጠር ስባ በሁለት ድርብ ሰፋችው። ሦስት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ። ጎትሂልፍ እንደ ሕፃን ተመገበ፤ ሊዝቤት በየሁለት ሰዓቱ የአጃ ገንፎ በወንፊት ታሳልፍለት ነበር፤ እሱ ደግሞ ጓል አለው ብሎ ይመልሰዋል።

በነሐሴ የመጨረሻው ምርመራ ነበር። ስፌቱ ይዟል። ቀዩ የለም፤ የተገለጠ አጥንት የለም፤ ድዱ ከዳር እስከ ዳር ተዘግቷል። ዶክተር ሃርምስ ደብተሬን ጠየቀችኝ፤ ገጽ በገጽ አገላበጠችው፤ ከመዝገቡ ጋር ለማያያዝ ፎቶ አነሳችው።

«ያኔ ሐሙስ ከፍቼው ቢሆን» አለች «ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ብረቱ ይሆን ነበር። አቶ ሄንስለር፣ ይሰማሉ?»

አልሰማም። አፉን ያየችበትን መስታወት ከሳህኑ ላይ አንስቶ፣ እጀታው ላይ የተመታውን ማኅተም በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ነበር። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ገበያችንን የሚሻማው የፓኪስታን የሐኪም ዕቃ የድስት ክዳን መሥሪያ ብረት ነው እያለ ሲምል የኖረ ሰው ነው። ከጎኑ ስለነበርኩ ማኅተሙን እኔም አነበብኩት፤ ፓኪስታን ይላል። ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው፤ ጽሑፉን ወደ ታች አድርጎ።

በመስከረም የመጀመሪያው ሐሙስ ሊዝቤት አብረን እንብላ አለችና ሦስታችንም ወደ ኦክስን ሄድን። እኔና ሊዝቤት በመስኮቱ በኩል ተቀመጥን፤ እሱ ወደ ክቡ ጠረጴዛ ሄደ። ሽንኩርት የተከመረበት የተጠበሰ የበሬ ሥጋ አዘዘ፤ የጠረጴዛው ሰዎች ሁሉ ሹካቸውን አስቀምጠው የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠበቁ። በግራ አኘከ። ኦይገን ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

«ታዲያ የዓሣ ራሷ ምን አደረገች?»

«ሰፋች። ልብስ ሰፊም ይሰፋል። ዋናው ሥራ እሁድ ዕለት አልቆ ነበር።» ዋጠና አፉን ጠረገ። «ራሷ ምን አለች መሰላችሁ? ከእኔ በተሻለ ሞርደውታል አለች። በዚህ ቃል። ሄርታን ጠይቋት፤ እዚያ ነበረች።»

ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞሩ። ስድስት ሽማግሌ። ሊዝቤት በጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘችኝ፤ እንድናገር ይሁን እንድተው አላወቅሁም።

«ብላለች» አልኩ። «ቀጥላም የባሰበት በዚሁ ነው ብላለች። ያዳነው ሳይነካ የቆየበት ስድስት ሳምንት ነው።»

ኦይገን ጥቂት አሰበ።

«ሴቶች» አለ ለጎትሂልፍ «የሠሩትን ሳይሆን የጠበቁትን ነው የሚቆጥሩት።»

ሳቁ። ጎትሂልፍም ሳቀ፤ በተዘጋ ድድ፣ በሙሉ መንጋጋ፣ አፉን ከፍቶ። ሊዝቤት እጄን ለቀቀችና ሾርባዋን መብላት ቀጠለች።

ትንሽ ቆይቶ አንድ የቀድሞ አንጥረኛ ዘግይቶ መጣ፤ ነገሩ ከመጀመሪያው እንዲነገረው ፈለገ። ጎትሂልፍ ሥጋውን እየቆረጠ እንደገና ጀመረ። ጆሮዬን አቅንቼ አዳመጥኩ። በዚህኛው አነጋገር ስድስቱ ሳምንት አልነበሩም፤ ሐኪሟም አልነበረችም፤ ከደረጃው ሥር የተጠራ ሰውም አልነበረም። አንድ ሰው እሁድ ረፋድ ወጥ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ መንጋጋውን ሞረደ፤ ዳነ። አንጥረኛው ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ፤ ጎትሂልፍም የሥጋውን ጠንካራ ጠርዝ ወደ ግራ አዙሮ እስከ መጨረሻው አኘከው።